የቦርዶ ወይን ጠጅ፦ ወጣቱና አዛውንቱ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው የቦርዶ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች በወዳጆች መካከል የሚዘወተር የእራት ልማድ አለ። ጋባዡ ከአንድ እርሻ የተገኙ ሁለት ወይም ሦስት ጠርሙሶችን ከምድር ቤቱ ያወጣል። አንደኛው ከተጠመቀ አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነው ነው፤ ሌላኛው ሃያ ዓመት አልፎታል። ወይኑ የበቀለበት ማሳ አንድ ነው፤ ጠማቂዎቹም አባትና ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። በብርጭቆ ሲቀዱ ግን በቀለምም በሽታም በጣዕምም የማይመሳሰሉ ሁለት መጠጦች ይሆናሉ።

ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጨዋታ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል። ይህ ጠርሙስ የተከፈተው በጊዜው ነው? ወይስ ተቸኩሏል? ወይስ ዘግይቷል? ጠርሙስ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና ጥያቄው ቀላል አይደለም። የቸኮለ ሰው ገና ሊመጣ የነበረውን ጣዕም ያጣል። አብዝቶ የጠበቀም ለዓመታት በጥንቃቄ ያኖረው ጠርሙስ ኃይሉ አልቆ፣ መዓዛው ጠፍቶ ሊያገኘው ይችላል።

ለመሆኑ በወጣቱና በአዛውንቱ ወይን ጠጅ መካከል ያለው ልዩነት ከየት ይመጣል? ሁሉም ወይን ጠጅስ በዕድሜ ይከብራል? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ወንዞች፣ ሁለት ዳርቻዎች

ጋሮንና ዶርዶኝ የተባሉት ወንዞች ከቦርዶ ከተማ በስተሰሜን ተገናኝተው ጂሮንድ የተባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ይፈጥራሉ፤ ጂሮንድም ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይፈሳል። የአካባቢው ሰዎች ስለ ወይን ጠጅ ሲያወሩ “ግራ ዳርቻ” እና “ቀኝ ዳርቻ” የሚሉት ከዚህ የውኃ መስመር ተነስተው ነው።

በግራ ዳርቻ ሜዶክና ግራቭ የተባሉት ወረዳዎች ይገኛሉ። አፈራቸው ጠጠር የበዛበት በመሆኑ ውኃ አይዝም፤ ቀን የሞቀው ጠጠርም ሙቀቱን ይዞ ያመሻል። ይህ ዘግይቶ ለሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ለተባለው የወይን ዝርያ ተስማሚ ነው። የካበርኔ ፍሬ ትንሽ፣ ልጣጩም ወፍራም ስለሆነ የሚሰጠው ወይን ጠጅ በወጣትነቱ ጠንካራና ግትር ነው።

በቀኝ ዳርቻ ሴንት ኤሚልዮንና ፖሜሮል አሉ። እዚህ የሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ይበዛል። ዋናው ዝርያ ቀድሞ የሚበስለውና ለስላሳ ጣዕም ያለው መርሎ ነው። በአብዛኛው የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ ከእነዚህና ካበርኔ ፍራንን ከመሳሰሉ ሌሎች ዝርያዎች ተቀላቅሎ ይሠራል። ቅልቅሉ ለጣዕም ብቻ ተብሎ የመጣ አይደለም። ዝናብና ውርጭ በማይታመንበት የውቅያኖስ ዳርቻ አንዱ ዝርያ ቢከዳ ሌላው እንዲክስ የታሰበ የገበሬ ብልሃት ነው።

የአካባቢው ንግድ ሥሩ ጥልቅ ነው። በ1152 የአኪቴን ባለርስት የነበረችው ኤሌኖር ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን ሄንሪን ስታገባ የቦርዶ ወይን ጠጅ የእንግሊዝ ገበያ ተከፈተለት። አካባቢው በ1453 ከካስቲዮን ጦርነት በኋላ ወደ ፈረንሳይ እስኪመለስ ድረስ ለ300 ዓመታት ያህል በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ቆይቷል።

ዛሬም በጠርሙሶች ላይ የሚነበበው ታዋቂ የደረጃ ሠንጠረዥ የወጣው በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነው። የወይን ጠጅ ደላሎች የሜዶክን እርሻዎችና ከግራቭ አንዱን፣ ኦ ብሪዮንን፣ ይሸጡበት በነበረው ዋጋ መሠረት በአምስት ደረጃ ከፈሏቸው። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን አንደኛ ደረጃ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ያደገው ሙቶን ሮትሽልድ ብቻ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1973 ነበር።

ወጣቱ ወይን ጠጅ አፍን ለምን ይይዛል?

ወጣት የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱን ያጨማድዳል። ድድና ምላሱ ይደርቃል፤ አፉ የተያዘ ይመስለዋል። ለዚህ ተጠያቂው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ታኒን ከወይኑ ልጣጭ፣ ከዘሩና ወይን ጠጁ ከሚቀመጥበት የኦክ እንጨት በርሜል ይወጣል። አፍ ሲገባ በምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ምራቁ የማለስለስ ሥራውን ሲያጣም ያ የድርቀት ስሜት ይፈጠራል።

ነገሩ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው እንግዳ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የፈላ ጥቁር ሻይ አፍ የሚይዘው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ሻዩ ላይ ወተት ሲጨመር የሚለዝበውም የወተቱ ፕሮቲን የምራቁን ቦታ ተክቶ ስለሚያያዘው ነው። የቦርዶ ሰው ወጣቱን ወይን ጠጅ ከሥጋና ከአይብ ጋር የሚያቀርበው በዚሁ ዘዴ ነው።

ወይኑ ብዙውን ጊዜ በመስከረም ወይም በጥቅምት ወር ተለቅሞ ይጨመቃል። ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ሆኖ ሲብላላ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ቀለሙና ታኒኑም ከልጣጩ ይወጣሉ። ከዚያ የተሻለው ምርት 225 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። አንድ በርሜል 300 ጠርሙስ ያህል ይሞላል።

ወይን ጠጁን ለማጥራት የቆየው ዘዴ የእንቁላል ነጭ መጠቀም ነው። በየበርሜሉ የጥቂት እንቁላሎች ነጭ ተመትቶ ሲጨመር የሻከረውን ታኒን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ካኔሌ የተባለው የቦርዶ ትንሽ ጣፋጭ ኬክ የተፈጠረው የተረፈውን አስኳል ላለመጣል ነው የሚል አፈ ታሪክም በከተማዋ ይነገራል።

በጠርሙሱ ውስጥ ጊዜ ምን ይሠራል?

በቡሽ የተከደነ ጠርሙስ የተኛ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሥራ አይቆምም። የታኒንና የቀለም ሞለኪውሎች ቀስ በቀስ እርስ በርስ እየተያያዙ ይረዝማሉ፤ ሲከብዱም ወደ ታች ይወርዳሉ። በአሮጌ ጠርሙስ ወገብና ሥር የሚታየው ጥቁር ቀይ አተላ ይህ ነው። አተላው ወይን ጠጁ የመበላሸቱ ምልክት አይደለም። እንዲያውም አፍ ይይዝ ከነበረው ነገር የተወሰነው ከመጠጡ ወጥቶ መሄዱን ያመለክታል።

ለውጡ በመጀመሪያ የሚነበበው በቀለም ነው። ወጣቱ ወይን ጠጅ ወደ ሐምራዊ ያዘነበለ ጥቁር ቀይ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይቀላል፤ ከዚያም ጠርዙ የጡብ ቀለም ይይዛል። ብርጭቆውን በነጭ የገበታ ልብስ ላይ አዘንብሎ ጠርዙን መመልከት የዕድሜ ምልክቱን ለማየት ይረዳል።

ሽታውም እንዲሁ ይለወጣል። ወጣቱ ጥቁር እንጆሪና ፕሪም የመሳሰሉ ትኩስ ፍሬዎችን፣ ከበርሜሉም የተጠበሰ እንጨትና ቫኒላን ያሸታል። አዛውንቱ የትምባሆ ቅጠል፣ የቆዳ፣ የጥድ እንጨት፣ የእንጉዳይና ዝናብ የመታው ቅጠል ሽታ አለው። ፍሬው ፈጽሞ ካልጠፋና አዲሶቹ ሽታዎች ከደረሱ ቀማሾች “በስሏል” ይላሉ። ፍሬው ጠፍቶ ኮምጣጣነቱ ብቻ ከቀረ ጊዜው አልፏል።

በመካከል ደግሞ ብዙዎችን የሚያሳስት ዘመን አለ። ጠንካራ ወይን ጠጅ የልጅነት ፍሬውን ካጣ በኋላ፣ የብስለት መዓዛው ሳይመጣ ለተወሰኑ ዓመታት “ሊዘጋ” ይችላል። በዚህ ጊዜ የከፈተው ሰው ጠርሙሱ መጥፎ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ያልታደለው ግን በጊዜው ነው።

የጊዜን ሥራ ለመመርመር ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ከምድር ውጭ የተካሄደ ነው። በ2019 መጨረሻ የፔትሩስ 2000 ዓመት ምርት የሆኑ 12 ጠርሙሶች ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ተልከው ለ14 ወራት ቆዩ። በ2021 ተመልሰው በቦርዶ በሚገኘው የወይን ሳይንስ ተቋም ምድር ላይ ከቆየው ተመሳሳይ ወይን ጠጅ ጎን ለጎን ተቀመሱ። ከቀማሾቹ መካከል የሕዋው በዕድሜ ትንሽ ቀደም ያለ ይመስላል ያሉ ነበሩ።

ሁሉም ወይን ጠጅ በዕድሜ ይከብራል?

አይከብርም። ከቦርዶ ከሚወጣው ወይን ጠጅ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። በተራ የ“ቦርዶ” ስያሜ የሚሸጥን ጠርሙስ ለአሥራ አምስት ዓመት ማስቀመጥ ትዕግሥትን ማባከን ነው። ለአሥር፣ ለሃያና ከዚያም ለሚበልጡ ዓመታት የሚጠበቁት በቂ ታኒን፣ ኮምጣጣነትና የፍሬ ክምችት ያላቸው፣ በተሻለ ማሳ የበቀሉ ናቸው።

የምርት ዘመኑም ይወስናል። 1961፣ 1982፣ 2000፣ 2005፣ 2009፣ 2010 እና 2016 በቦርዶ በአድናቆት የሚጠሩ ዓመታት ናቸው። በአንጻሩ 2013 ቀዝቃዛና ዝናባማ ስለነበር የዚያ ዓመት ቀይ ወይን ጠጅ ለረጅም ቆይታ አይመከርም። በ1956 የደረሰው ብርቱ ብርድ ደግሞ ምርቱን ብቻ ሳይሆን ተክሉንም ስለገደለ ብዙ ማሳዎች እንደገና መተከል ነበረባቸው።

የአጠማመቅ ስልትም ተለውጧል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቦርዶው የወይን ጠጅ ሊቅ ኤሚል ፔይኖ ገበሬዎች ወይኑ በደንብ እስኪበስል እንዲጠብቁ፣ የተበላሸ ፍሬ እንዲለዩና መብላላቱን በጥንቃቄ እንዲቆጣጠሩ አስተማረ። በዚህም ምክንያት የዛሬው ወጣት ወይን ጠጅ ከአያቶቹ ዘመን ይልቅ ቶሎ ለመጠጣት የተመቸ ነው።

አቀማመጥ ደግሞ ሁሉንም ሊያፈርስ ይችላል። ጠርሙሱ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን የማይለዋወጥ ሙቀት፣ ከብርሃን ርቆ መቀመጥ አለበት። በሞቃት ከተማ ከወጥ ቤት ምድጃ አጠገብ አሥር ዓመት የቆመ ጠርሙስ፣ ስሙ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ ሸምግሎ ሳይሆን ተቀቅሎ ይገኛል።

ገበታውን ማሰናዳት

ጋባዡ ሥራውን የሚጀምረው ከእራቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። አተላው ወደ ሥር እንዲወርድ አሮጌውን ጠርሙስ ያቆመዋል። የአሮጌ ጠርሙስ ቡሽ የሚሰባበር ስለሆነ ሲከፈት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያ ከጠርሙሱ አንገት በታች ሻማ አብርቶ፣ ትልቅ ብርሌ ወደሚመስል አንገተ ረጅም የመስታወት ዕቃ በቀስታ ይገለብጠዋል፤ በሻማው ብርሃን አተላው ወደ አንገቱ መቅረቡን ሲያይ ያቆማል።

ወጣቱም ወደ ዕቃው ይገለበጣል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አየር እንዲያገኝና እንዲፍታታ ሲባል ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይቀዳል። አዛውንቱን ግን እንዲህ ለረጅም ጊዜ ማናፈስ አደገኛ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የጠበቀ መዓዛ በግማሽ ሰዓት ሊበን ይችላልና ከመጠጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢቀዳ ይበጃል።

ቀይ ወይን ጠጅ “በቤት ሙቀት” ይጠጣ የሚለው ምክር የመጣው የአውሮፓ ቤቶች ቀዝቃዛ ከነበሩበት ዘመን ነው። ተስማሚው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። በጂቡቲ ወይም በሞምባሳ ሙቀት ግን ጠርሙሱን ለአጭር ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ነውር የለውም።

በእራት ገበታ ቅደም ተከተሉ አብዛኛውን ጊዜ ከወጣቱ ወደ አዛውንቱ ነው። 75 ሳንቲ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለሰባት ሰው ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሊትር ያህል ያዳርሳል፤ ለማነጻጸር ይበቃል። ከወጣቱ ጋር ቦርዶዎች በወይን ሐረግ ፍም ላይ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ያቀርባሉ። ለአዛውንቱ የፖያክ ጠቦት ወይም የእንጉዳይ ምግብ ይመረጣል። በርበሬና ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብ ግን ለሁለቱም አይስማማም፤ አልኮሉና ታኒኑ ማቃጠሉን ያብሱታል፣ የአሮጌው ረቂቅ መዓዛም ይሸፈናል።

ጠርሙሱ የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ጥፋቱ የዕድሜ ሳይሆን የቡሽ ነው። በቡሽ ውስጥ የሚፈጠር ቲሲኤ የተባለ ውህድ ያመጣዋል፤ ማናፈስም አያድነውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ፍጹም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። በቅምሻ ላይ በትንሹ መቅዳትና ያልተጠጣውን ማፍሰስ የተለመደ መሆኑ ለዚህም ይጠቅማል።

ዓይንና ስም ምላስን ሲመሩ

ወዳጆች ብዙ ጊዜ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ሸፍነው የትኛው ወጣት፣ የትኛው አዛውንት እንደሆነ ይገማመታሉ። ይህ ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። በ2001 በታተመ ጥናት በቦርዶ 54 ቀማሾች፣ በሽታ በሌለው ቀይ ማቅለሚያ የተቀባ ነጭ ወይን ጠጅ ቀርቦላቸው ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን ጠጅ በሚውሉ ቃላት ነበር። ቀለሙን ያየው ዓይን ለአፍንጫው መልሱን ቀድሞ ሰጥቶታል።

ስምም እንዲሁ ይመራል። በግንቦት 1976 እንግሊዛዊው ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር በፓሪስ ባዘጋጀው ስም የተሸፈነበት ቅምሻ ፈረንሳውያን ዳኞች ከታላላቆቹ የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጆች ይልቅ የካሊፎርኒያውን ስታግስ ሊፕ 1973 አስቀደሙ። የቦርዶ ደጋፊዎች የኛ ገና ወጣት ነው፣ ጊዜ ይፈርዳል ሲሉ ተከራከሩ። በ2006፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እነዚያው ምርቶች በለንደንና በካሊፎርኒያ እንደገና ተቀመሱ። አንደኛ የወጣው ሪጅ ሞንቴ ቤሎ 1971 ሲሆን የመጀመሪያዎቹን አምስት ቦታዎች የያዙት ሁሉም የካሊፎርኒያ ነበሩ። በዕድሜ መክበር የቦርዶ ብቻ ሀብት እንዳልሆነ ያኔ ታየ።

ከቦርዶ እስከ ዝዋይ

ቦርዶ ከኢትዮጵያ ጋር ቀጥተኛ ትስስር አላት። በ1949 በቦርዶ የተመሠረተው የካስቴል ቤተሰብ ኩባንያ በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዛ። ቆይቶም በስምጥ ሸለቆ፣ ዝዋይ (ባቱ) አጠገብ የወይን እርሻ ተክሎ በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉ ወይን ጠጆችን ለገበያ አቀረበ። ከተተከሉት ዝርያዎች መካከል የቦርዶዎቹ መርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ይገኛሉ።

ዝርያው አንድ ቢሆንም ሰማዩ ይለያያል። በቦርዶ ክረምቱ ተክሉን ያስተኛዋል፤ በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ስለሌለ ገበሬው ዕረፍቱንና እድገቱን በግረዛና በመስኖ መቆጣጠር አለበት። እርሻው ወጣት በመሆኑም የሠላሳ ዓመት ዝዋይ ከፍቶ ከቦርዶ አቻው ጋር ማነጻጸር የሚቻልበት ቀን ገና ነው።

የሚጠብቅ ሰው ሲጠፋ

ወጣቱንና አዛውንቱን ጎን ለጎን የማቅረብ ልማድ የቆመው ዛሬ ገዝቶ ነገን የሚጠብቅ ሰው በመኖሩ ነው። የቦርዶ ታላላቅ እርሻዎች ወይን ጠጃቸውን የሚሸጡት ገና በበርሜል ሳለ፣ ከለቀማው በኋላ በሚመጣው ጸደይ ነው፤ ገዢው ጠርሙሱን የሚረከበው ዘግይቶ ነው። ዛሬ ግን ምድር ቤት የሌለው የከተማ ነዋሪ በዝቷል፤ የሚጠጣውም ቀንሷል። በ1960ዎቹ አንድ ፈረንሳዊ በአማካይ በዓመት ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣ ነበር፤ አሁን መጠኑ ከግማሽ በታች ወርዷል።

የጉዳቱ ዋና ተሸካሚዎች ዝነኞቹ እርሻዎች ሳይሆኑ ስማቸው የማይታወቅ አነስተኛ ገበሬዎች ናቸው። በ2023 የፈረንሳይ መንግሥትና የቦርዶ ወይን ጠጅ ማኅበር 9,500 ሄክታር ያህል ወይን እንዲነቀል ለማገዝ 57 ሚሊዮን ዩሮ መድበዋል። በዚያ ዕቅድ ተክሉን ለሚነቅል ገበሬ በሄክታር 6,000 ዩሮ ይከፈል ነበር።

የአየር ንብረት ለውጥም በሌላ በኩል ይጫናል። በሙቀት ምክንያት መርሎ ስኳሩ ቶሎ እየጨመረ፣ የአልኮሉም መጠን ከፍ እያለ ነው። በ2021 የፈረንሳይ የስያሜ ተቆጣጣሪ ተቋም ቱሪጋ ናሲዮናልና ማርስላንን ጨምሮ ስድስት አዳዲስ ዝርያዎች በተወሰነ መጠን በቦርዶ እንዲተከሉ ፈቅዷል። ከሃያ ዓመት በኋላ በገበታው ላይ የሚቀርበው አዛውንት ዛሬ ከሚታወቀው የተለየ ጣዕም ሊኖረው ይችላል።

ማሳው ቢነቀልም በጠርሙስ የታሸገው ወይን ጠጅ መሸምገሉን አያቆምም። ስለዚህ በቦርዶ በአንዳንድ ገበታዎች የሚቀርበው አሮጌ ጠርሙስ ወጣት አቻ የለውም፤ የበቀለበት ማሳ ዛሬ ስንዴ ወይም ዛፍ ይዟል። ጋባዡም ቡሹን ከመሳቡ በፊት በምድር ቤቱ ስንት እንደቀረው ይቆጥራል።